ከራስና አንገት ካንሰር የጨረር ሕክምና በኋላ የሚዘልቅ የመዋጥ ችግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአፍ፣ በምላስ ሥር፣ በቶንሲል፣ በጉሮሮ፣ በማንቁርት ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ለወጣ ካንሰር የጨረር ሕክምና ወስደው፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መብላትና መጠጣት ላስቸገራቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። ብዙ ታካሚዎች «ካንሰሩ ይዳንልኝ እንጂ ሌላውን እችለዋለሁ» እያሉ ችግራቸውን ለማንም ሳይናገሩ ዓመታትን ያሳልፋሉ። በክትትል ቀጠሮም ዕጢው አለመመለሱ ከተረጋገጠ በኋላ ስለ አበላል ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመዋጥ ችግር ግን ችላ ሲሉት የሚተው አይደለም፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ሰውን ከማዕድ ያርቃል። በጊዜ ከተመረመረ ደግሞ ባብዛኛው የሚደረግለት ነገር አለ።

ሕክምናዬን ከጨረስኩ ገና ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ምራቄን እንኳ መዋጥ ያመኛል። ችግሩ አብሮኝ ይኖራል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። በሕክምናው ወቅትና ካለቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚሰማው ሕመም በዋናነት የሚመጣው ጨረሩ የአፍንና የጉሮሮን ስስ ሽፋን ስለሚያቆስል ነው። የተለመደው ሙሉ መጠን 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ሲሆን በ35 ጊዜ ተከፋፍሎ በ7 ሳምንታት ውስጥ ይሰጣል። ቁስሉ የሚበረታው ወደ መጨረሻው አካባቢና ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ፣ ጨረሩ ቆሞም ሕመሙ ቢብስ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ቁስሉ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ቀስ በቀስ ይሽራል። የመዋጥ አቅም ግን ከቁስሉ ዘግይቶ ስለሚመለስ መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ከ3 እስከ 6 ወር ካለፈ በኋላም ምግብ የሚያንቅዎት፣ ጠጣር ነገር አልወርድ የሚልዎት ወይም ክብደትዎ መቀነሱን ያላቆመ ከሆነ ግን «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ መጠበቁ አይበጅም፤ የመዋጥ ምርመራ መጠየቅ ይገባል።

ጨረሩን ከወሰድኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ደህና እበላ ነበር። ታዲያ አሁን ለምን ባሰብኝ?

ታካሚዎችን ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ሰው ከሕክምናው በራቀ ቁጥር እየዳነ ይሄዳል ብሎ ያስባልና። ጨረር የካንሰር ሕዋሳትን ሲገድል በአካባቢው ያሉትን ጤነኛ ጡንቻዎች፣ የደም ሥሮችና ነርቮች ይነካል፤ የእነዚህ ጉዳት ደግሞ ወዲያው አይገለጥም። ሰውነት በተነካው ቦታ ላይ ጠባሳ መሥራቱን ከሕክምናው በኋላም ይቀጥላል፤ ይለጠጥ የነበረው ጡንቻ ቀስ በቀስ በማይለጠጥ ጠጣር ሕብረ ሕዋስ ይተካል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጠባሉ። የብዙ ታካሚዎች አንገት ከዓመታት በኋላ በጣት ሲነካ ደርቆ እንደተወጠረ ቆዳ ነው፤ ውስጥ ያለው ጉሮሮም እንዲሁ ጠጥሯል።

ይህ መጠጠር መዋጥን እንዴት እንደሚያውክ ለመረዳት ጤነኛው አዋዋጥ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። አንድ ጉንጭ ውኃ ሲዋጥ ከ30 የሚበልጡ ጡንቻዎች ተራቸውን ጠብቀው ይሠራሉ፤ የጉሮሮው ድርሻ የሚያልቀውም በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው። ምላስ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፣ የማንቁርቱ ክዳን ይደፋል፣ የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ፣ የምግብ ቱቦው አፍም ይከፈታል። ጡንቻዎቹ ሲጠጥሩ ማንቁርቱ በበቂ ሁኔታ አይነሣም፤ ማንቁርቱ ካልተነሣ ክዳኑ በደንብ አይደፋም፣ የምግብ ቱቦውም አፍ በሚገባ አይከፈትም። ስለዚህ ከተጎረሰው ከፊሉ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል፤ የቀረውም ሰውየው ውጬ ጨርሻለሁ ብሎ ትንፋሽ ሲስብ ወደ አየር መንገዱ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛው ምክንያት የነርቭ መድከም ነው። ምላስን የሚያንቀሳቅሰው 12ኛው የራስ ቅል ነርቭና የጉሮሮን ጡንቻዎችና የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው 10ኛው ነርቭ ከጨረሩ ከ5፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በኋላ ሊደክሙ ይችላሉ። ምላስ በአንድ በኩል እየሳሳ ሲወጣ ወደ ጎን ካዘነበለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ድምፅ ከሻከረ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። በዚህ ላይ ዕድሜ ይጨመርበታል፤ ጉዳቱን ለዓመታት አቻችሎ የኖረ ጡንቻ በእርጅና ምክንያት ትንሽ ሲደክም ተሸፍኖ የኖረው ችግር አንድ ጊዜ ይወጣል። ታካሚው «ድንገት መጣብኝ» ቢልም በአብዛኛው ሲጠራቀም የቆየ ነገር ነው።

ከሌሎች ይልቅ የሚጋለጠው ማን ነው?

በምላስ ሥር፣ በታችኛው ጉሮሮ ወይም በማንቁርት ትልቅ ዕጢ የነበራቸው፣ ሁለቱም የአንገት ጎኖች ጨረር የተሰጣቸው፣ ከጨረሩ ጋር እንደ ሲስፕላቲን ያለ ኬሞቴራፒ የወሰዱ፣ ቀዶ ሕክምና የተጨመረላቸውና ሲጋራ ማጨሳቸውን የቀጠሉ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ምግብን ወደ ታች የሚገፉት የጉሮሮ ጡንቻዎች የሚደርሳቸው አማካይ የጨረር መጠን ከ50 ግሬይ ሲያልፍ አደጋው በግልጽ ይጨምራል። በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሳቢያ በቶንሲልና በምላስ ሥር ካንሰር የሚያዙ ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው በዕድሜ ያነሱና ሕክምናው በደንብ የሚይዝላቸው ናቸው፤ ከጨረሩ በኋላ ገና ረጅም ዕድሜ ስላላቸው ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት የሚያገኛቸው ጊዜ አለው።

ሕክምናውን ገና ያልጀመረ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ ለጨረር ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ መልካም ነው፤ ይኸውም ካንሰሩ ከሚገኝበት ውጭ ያሉትን የመዋጥ ጡንቻዎች ከከፍተኛ መጠን ማዳን ይቻል እንደሆነ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ በ112 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ ጥናት ጨረሩ እነዚህን ጡንቻዎች እንዲቆጥብ ታቅዶ የተሰጣቸው ሰዎች ከ12 ወር በኋላ መዋጣቸው የተሻለ እንደነበር አሳይቷል።

አያስለኝም፣ ትንም አይለኝም። በትክክል እየዋጥኩ ነው ማለት ነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ሰው ይህን ቢያስታውስ እመርጣለሁ፦ ሳል አለመኖሩ ምግብ ወደ ሳንባ አለመግባቱን አያረጋግጥም። ጤነኛ ሰው አንዲት ጠብታ ውኃ በተሳሳተ መንገድ ከገባችበት ትን ይለዋል፣ ዓይኑ እስኪያነባ ያስለዋል። ጨረር ግን ከጡንቻው በተጨማሪ የጉሮሮንና የማንቁርትን ስሜት ያደነዝዛል። ስሜቱ የደነዘዘ ማንቁርት የገባበትን ነገር ስለማያውቅ አያስልም፤ ይህ ድምፅ አልባ ትንታ ይባላል፤ ከጨረር በኋላ ምግብ ወደ አየር መንገዳቸው ከሚገባባቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያጋጥማቸውም ይኸው ነው።

በራጅ ቪዲዮ ምርመራ ጊዜ ይህ ፊት ለፊት ይታያል። ባሪየም (በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበት ፈሳሽ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ከምላስ ላይ ይወርዳል፣ በምላስ ሥርና በማንቁርቱ ክዳን መካከል ባለው ስርጉድ ቦታ ይጠራቀማል። ታካሚው «ዋጥኩ» ብሎ አፉን ከፍቶ ያሳያል፤ አፉ በእርግጥም ባዶ ነው። በዚያው ቅጽበት አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር በድምፅ አውታሮቹ መካከል ሾልካ በመተንፈሻ ቱቦው ግድግዳ ላይ ቁልቁል ትወርዳለች። ታካሚው ተረጋግቶ ቀጣዩን ጉንጭ ይጠብቃል። ቪዲዮው ተመልሶ ሲታይለት ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው እሱ ራሱ ነው።

እንግዲያው ምን ምን ምልክት ልከታተል?

በጣም የሚያሳስቡት ምልክቶች ሲታዩ ተራ የሚመስሉ ናቸው። ከበሉ ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፅ ውኃ እንዳዘለ እርጥብ መሆኑ፣ ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ፣ አንዱን ጉርሻ ለማውረድ ሁለት ሦስት ጊዜ መዋጥ፣ ያለ ውኃ ምንም አለመውረዱ፣ ፈሳሽ በአፍንጫ መመለሱ፣ ሌሊት ማሳል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት መመላለስ እና በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚይዝ የደረት ሕመም ሁሉ ከመዋጥ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ። አንድ ምግብ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ መርዘሙም ጥሩ መለኪያ ነው። የሰው ልጅ ራሱን ሳያውቀው ይለምዳል፤ በመጀመሪያ ሥጋን ይተዋል፣ ቀጥሎ ደረቅ ዳቦን፣ ከዚያም ሩዝን፣ በመጨረሻም «ሾርባ ነው የምወደው» ይላል። ስለዚህ አሁን ምን እንደሚበሉ ብቻ ሳይሆን ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን መብላት እንደተዉ ራስዎን ይጠይቁ፤ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከታካሚው ይልቅ በትክክል ሊመልሰው ይችላል።

ክብደትን በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን መመዘንና መጻፍ ይጠቅማል። ሳይፈልጉት በአንድ ወር ውስጥ ከክብደትዎ 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ 10 በመቶ ከቀነሱ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም ያሳውቁ።

ካንሰሩ ተመልሶ ቢሆንስ?

ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ ሐኪሙም በቅድሚያ የሚያጣራው ይህን ነው። የራስና አንገት ካንሰር ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ነው፤ ይህ ማለት ግን ከዚያ በኋላ ጨርሶ አይመለስም፣ ወይም በዚያው አካባቢ ሌላ አዲስ ካንሰር አይወጣም ማለት አይደለም። ቀስ በቀስ የሚመጣ፣ ሕመም የሌለው የመዋጥ መድከም ባብዛኛው የጨረሩ ውጤት ነው። እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ከአንድ ወገን ወደ ጆሮ የሚሰማ ውጋት፣ አዲስ የአንገት እብጠት፣ ደም መትፋት፣ የማይሽር የአፍ ቁስል ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚፈጥን መባባስ ካለ ግን መገመት አያስፈልግም፤ የጉሮሮ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ውስጡን ማየት) እና እንደ ሲቲ ስካን ያለ ምርመራ ሳይዘገይ መደረግ አለበት።

የመዋጥ ምርመራ እንዴት ይደረጋል? ያማል?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። በራጅ ቪዲዮ ምርመራ ታካሚው ተቀምጦ ባሪየም የተቀላቀለባቸውን ቀጭንና ወፍራም ፈሳሾች እንዲሁም ጠጣር ምግብ በትንሽ በትንሹ ይውጣል፤ ራጁም ከአፍ እስከ ምግብ ቱቦ ያለውን ጉዞ ይቀርጻል። አያምም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ምርመራ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ በኩል እስከ ጉሮሮ ይገባና ታካሚው ሲበላና ሲጠጣ ከላይ ሆኖ ይታያል። አፍንጫን ትንሽ ያውካል እንጂ ማደንዘዣ ወስዶ መተኛትን አይጠይቅም፤ ራጅም የለውም። የመጀመሪያው የምግብ ቱቦውን አፍ መጥበብና የማንቁርቱን መነሣት በደንብ ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ የተጠራቀመ ምራቅን፣ እብጠትንና የድምፅ አውታሮችን እንቅስቃሴ። አንዱ የሌላውን ቦታ ሙሉ በሙሉ ስለማይተካ ሁለቱም ቢታዘዙልዎት የተደጋገመ ሥራ ነው አይበሉ።

በምርመራው ወቅት ባለሙያው ጉድለቱን መዝግቦ ብቻ አይመለስም፤ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ፣ ፊትን ወደ ደከመው ጎን ማዞር፣ ትንፋሽን ይዞ ውጦ ወዲያው ጉሮሮን መጥረግ የመሳሰሉትን መላዎች እዚያው ይሞክራል። ለአንዱ የረዳው መላ ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል ከሌላ ታካሚ ሰምቶ በራስ መሞከሩ ጥሩ አይደለም።

የመዋጥ እንቅስቃሴ በእርግጥ ይረዳል? ለእኔ አልዘገየም?

መልሱ እንደ ጊዜው ይለያያል፤ ይህን በሐቀኝነት መናገር ያስፈልጋል። የተሻለ ውጤት የሚታየው እንቅስቃሴው ከጨረሩ በፊት ተጀምሮ በሕክምናው ወቅት ሲቀጥልና ታካሚው ትንሽም ቢሆን በአፉ መብላቱን ሳያቋርጥ ሲቀር ነው። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጨረር እየተሰጠው ሳይሠራ የቀረ ጡንቻ ደግሞ በሁለት በኩል ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ የጠጠረ ጡንቻ እንደ ቀድሞው እንዲለሰልስ ማድረግ ከባድ ነው፤ ነርቭ ከሞተም እንቅስቃሴ አያስነሣውም። ሆኖም የቀረውን አቅም ማጠናከር፣ ሳልን ጉልበት እንዲኖረው ማድረግና አደጋ የማያመጣ አበላል መማር በዚህም ደረጃ ይቻላል።

ከሚሰጡት እንቅስቃሴዎች መካከል ጉሮሮን በኃይል ጨምቆ መዋጥ፣ ማንቁርቱ ሽቅብ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች እዚያው ማቆየት፣ በጀርባ ተኝቶ ትከሻን ሳያነሡ ራስን ብቻ ማንሣት፣ የምላስን ጫፍ በጥርስ ይዞ ምራቅን መዋጥ እና የሚገዳደር መሣሪያ ውስጥ አየርን በኃይል መንፋት ይገኙበታል። ምላስን ይዞ የመዋጡ እንቅስቃሴ በምራቅ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ምግብ አፍ ውስጥ እያለ ፈጽሞ አይሞከርም። የአንገት ችግር ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ራስን የማንሣቱን እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። በአንገት ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ ጡንቻን በኤሌክትሪክ ስለማነቃቃት ብዙዎች ይጠይቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከጨረር በኋላ ይህን በእንቅስቃሴ ላይ መጨመሩ የተለየ ጥቅም እንደማያስገኝ አሳይቷል። ገንዘብና ድካም የሚወጣበት ከሆነ በእኔ አመለካከት ለዕለታዊው እንቅስቃሴ ቢውል ይሻላል።

የአንገትና የጉሮሮ እብጠት ላለባቸው ሰዎች አንድ የምጨምረው ነገር አለ። የሊምፍ ፈሳሽ መውጫ ሲታወክ በአገጭ ሥር የሚታየው እብጠት ውስጥም፣ በማንቁርት ዙሪያ፣ አቻ አለው። በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ ለስላሳ ማሸትና ልዩ ማሰሪያ ይህን ሊያቀልለው ይችላል፤ እብጠቱ ሳይጠጥር በጊዜ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።

አፌ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ይህም ከመዋጥ ጋር ይያያዛል?

በጣም ይያያዛል። ምራቅ ምግቡን አርጥቦ አንድ ላይ የሚያሰባስበው ነው፤ እሱ ከሌለ የታኘከው ምግብ ፍርፋሪ ሆኖ በአፍና በጉሮሮ ይበተናል። የምራቅ ዕጢዎች በጨረር በቀላሉ ይጎዳሉ። ከምግብ ጋር ውኃ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ምግብን በመረቅ ማራስ፣ ሰው ሠራሽ ምራቅ መቀባትና የመኝታ ክፍልን አየር ማርጠብ ይረዳሉ። ፓይሎካርፒን የሚባለው መድኃኒት ከዕጢዎቹ የተረፈ ሕዋስ ካለ ምራቅ እንዲመነጭ ያነሣሣል፤ ያልተረጋጋ አስም ወይም አንዳንድ ዓይነት የግላኮማ ሕመም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ለድብርት፣ ለአለርጂና ለሽንት ፊኛ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም አፍን ያደርቃሉና የሚወስዱትን ሁሉ ከሐኪም ጋር ማየት ጥሩ ነው።

አፌ ድሮ እንደሚከፈተው አይከፈትም። ምን ላድርግ?

በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት 35 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የመንጋጋ መያዝ አለ ይባላል። ሦስት ጣቶችን ደርድሮ አቁሞ ማስገባት አለመቻል በቤት ውስጥ የሚታይ ቀላል ምልክት ነው። የመንጋጋ ጡንቻ አንድ ጊዜ ከጠጠረ ለመመለስ በጣም ስለሚያስቸግር፣ በቀን ደጋግሞ የመለጠጥ እንቅስቃሴ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ጠፍጣፋ የእንጨት ማንኪያዎችን ደርድሮ ቁጥራቸውን ቀስ በቀስ መጨመርም ይቻላል። ድንገት የጀመረ ወይም ሕመም ያለበት መያዝ ግን መለጠጥ ሳይጀመር መመርመር አለበት።

«የጉሮሮ መጥበብ ነው፣ ይሰፋል» ተባልኩ። ይህ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ፈሳሽ ደህና እየወረደ ጠጣር ምግብ በአንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ የምግብ ቱቦው አፍ በጠባሳ ጠቦ ሊሆን ይችላል። በኢንዶስኮፒ እየታየ የሚነፋ ፊኛ ወይም እየወፈረ የሚሄድ ተጣጣፊ ዘንግ በጥበቱ ውስጥ ገብቶ ያሰፋዋል። ብዙ ሰዎች በፍጥነት ለውጥ ያያሉ፤ ጠባሳው መልሶ ስለሚጠብ ግን ሕክምናው በየጊዜው መደገሙ የተለመደ ነው። የቱቦው መቀደድ ብርቅ ቢሆንም ከባድ አደጋ ነው፤ ከሕክምናው በኋላ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት ቆዳ ሥር የመንኮሻኮሽ ስሜት ከመጣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ዋናው የመዋጥ ችግር የጡንቻ መድከም ከሆነ ማስፋቱ ብቻውን እንደማይፈታውም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ፈሳሽ ሁሉ ወፍሮ መጠጣት አለበት?

ሁልጊዜ አይደለም። ቀጭን ፈሳሽ በፍጥነት ስለሚፈስ ቶሎ ለማይዘጋ ማንቁርት ያስቸግራል፤ ማወፈሪያ ዱቄት ያዘገየዋል። ጨረር ያደከመው ጉሮሮ ግን የወፈረውን ነገር ገፍቶ መጨረስ ስለሚያቅተው ብዙውን ያስቀራል፤ የቀረውም በኋላ ሊንጠባጠብ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሰው የወፈረ ውኃ ስለማይጥመው ትንሽ ይጠጣል፣ ሰውነቱም ውኃ ያጣል። ስለዚህ ውፍረቱ በምርመራ ተሞክሮ ይወሰናል እንጂ በግምት አይታዘዝም። ዓለም አቀፉ መለኪያ ፈሳሽንና ምግብን ከ0 እስከ 7 በደረጃ ይከፍላል፤ በ10 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ተሞልቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሚሊሊትር እንደቀረ በማየት የፈሳሹን ደረጃ በቤት ውስጥም ማረጋገጥ ይቻላል።

በሆዴ በኩል የመመገቢያ ቱቦ እንዲገባልኝ ተመከርኩ። ቱቦ ከገባ በአፍ መብላት ቀረ ማለት ነው?

ብዙዎች ቱቦን የመጨረሻ ሽንፈት አድርገው ያዩታል፤ በዚህ ምክንያት እስኪደክሙ ድረስ የሚያዘገዩት አሉ። ቱቦ የሚገባው ሰውነት በቂ ምግብና ውኃ እንዲያገኝ ነው፤ በአፍ መብላትን አይከለክልም። በምርመራ ደህና መሆኑ የታወቀውን ነገር፣ ጥቂት ማንኪያም ቢሆን፣ በየቀኑ በአፍ መውሰዱ ጡንቻዎቹ ጨርሰው እንዳይሟሽሹ ይረዳል። ምንም እንዳይበላ ለተከለከለ ሰውም ቢሆን ምራቁን እየዋጠ እንቅስቃሴውን መሥራት ይቻለዋል። በሕክምና ወቅት የገባ ቱቦ ከሆነ መቼ እንደሚወጣ ከመጀመሪያው ዕቅድ ይያዝለት፤ ዕቅድ ያልተያዘለት ቱቦ ከሚያስፈልገው በላይ ሊቆይ ይችላል።

ቱቦ ሳንባን ሙሉ በሙሉ እንደማይጠብቅም ማወቅ ያሻል፤ ምራቅና ከሆድ የተመለሰ ምግብ አሁንም ወደ አየር መንገድ ሊገቡ ይችላሉ። በቱቦ ሲመገቡና ከዚያ በኋላ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ በአፍ ባይበሉም ጥርስንና ምላስን በየዕለቱ መቦረሽ የሚመከረው ለዚህ ነው። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ፣ ሁሉም ተሞክሮ ሳንባው መመታቱን ካላቆመ፣ ማንቁርቱን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ የምግቡንና የአየሩን መንገድ መለየት ይታሰባል። ድምፅን የሚያሳጣ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ታካሚው ጊዜ ወስዶ፣ ከእሱ በፊት ይህን ካለፈ ሰው ጋር ተነጋግሮ ሊወስን ይገባዋል።

ክኒኖቼን መዋጥ አልቻልኩም፤ ልፍጫቸው?

ፋርማሲስት ሳይጠይቁ አይፍጩ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንዲለቁ የተሠሩ ክኒኖች ሲፈጩ የሙሉ ቀኑን መጠን አንድ ጊዜ ሊለቁ ይችላሉ። ብዙዎቹ በፈሳሽ ወይም በሌላ መልክ ስለሚገኙ መቀየር ይቻላል።

ከሰዎች ጋር መብላት አፍራለሁ። ይህ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው?

አዎ፣ ይነገር። ቀስ ብሎ መብላት፣ ማሳል፣ ምግቡን በውኃ ማውረድና ከሁሉ በኋላ መጨረስ ሰውን ከግብዣና ከቤተሰብ ማዕድ እንዲሸሽ ያደርጋል፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ደግሞ ያነሰ ይበላል። ከድብርት ጋር የሚመጣው የምግብ ፍላጎት መጥፋት የመዋጡን ችግር ሊሸፍነው ወይም ሊያባብሰው ስለሚችል ለሁለቱም ሕክምና መፈለግ ነውር የለውም። ቤተሰብም «ትንሽ ጨምር፣ በርታ» እያለ ባያስጨንቅ መልካም ነው፤ ታካሚው ሲጎርስ ጥያቄ አለመጠየቅ፣ ሳል ሲይዘው ዝም ብሎ መጠበቅና የሚበቃውን ጊዜ መስጠት ከማበረታቻ ቃል ይበልጥ ይረዳዋል።

መቼ ነው በአስቸኳይ ወደ ሕክምና የምሄደው?

ትኩሳት ከሳል ጋር፣ ቀለሙ የተለወጠ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ድንገተኛ ግራ መጋባት የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት መታየት አለበት። ምራቅን እንኳ መዋጥ ካቃተ፣ ምግብ ተቀርቅሮ ካልወረደ ወይም ከአፍ ብዙ ደም ከወጣም ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የታነቀ ሰው መናገርም ማሳልም ካልቻለ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍ ሥር መምታት፣ ካልወጣም ከኋላ አቅፎ ሆዱን ከእምብርት በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት፣ እርዳታ እስኪደርስም እያፈራረቁ መቀጠል ያስፈልጋል። ከታካሚው ጋር የሚኖር ሰው ይህን አስቀድሞ ከሠለጠነ ሰው ቢማረው ጥሩ ነው።

ለሌሎች ሐኪሞች ጨረር መውሰዴን መናገር ያለብኝ እስከ መቼ ነው?

ዕድሜ ልክ ነው። ጨረር የነካው መንጋጋ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ሳይሽር ሊቀርና ሊሞት ይችላል፤ ይህ አደጋ ከብዙ ዓመታት በኋላም አይጠፋም። የጥርስ ሐኪሙ ከመንቀሉ በፊት ከጨረር ሐኪሙ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ ጥርሱ እዚያ እንዳይደርስ ደግሞ በየዕለቱ ፍሎራይድ መጠቀምና በየ6 ወሩ መታየት ይመከራል። አንገት ላይ ጨረር የወሰደ ሰው የታይሮይድ ዕጢው ሊደክም ስለሚችል የደም ምርመራው በየ6 እስከ 12 ወር ይደረጋል፤ ዕጢው ሲደክም የሚመጣው ዝለት ጡንቻንም ያደክማል። ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ከመውሰድዎ በፊት አፍዎ ምን ያህል እንደሚከፈትና አንገትዎ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለማደንዘዣ ባለሙያው ያሳዩ፤ የጠጠረ አንገትና ያልተከፈተ አፍ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን ስለሚያከብዱ ባለሙያው ቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል። ጨረሩ የተሰጠበትን ዓመት፣ ቦታውንና መጠኑን የያዘውን የሕክምና ማጠቃለያ ቅጂ ይዘው ይቀመጡ፤ ከሌለዎት ከታከሙበት ቦታ ጠይቀው ያስወጡ።